ለካሜራ የመጣው መርዶ

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ኖቬምበር 22 ቀን 2004

ለወንድሜ ለኒዛር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተም ድሬዎችም እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ከሁለት ካሴት ጋር የሚያደርስልህ ሾፌሩ ጀንበሬ ነው። ካሴቶቹን ሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጣቸው አስምዬዋለሁ። እንደ ባለፈው የሰርግ ካሴት ሙቀት ካጣመማቸው አንተ ምንም ብትቆራርጥ አታድናቸውም።

በስልክ «ለመሆኑ በፊልምሽ ላይ ሴትዮዋን ሆና ማን ትሠራልሻለች?» ብለህ እየሳቅክብኝ ነበር መስመሩ የተቋረጠው። መልሱ እማ ናት። አዎ፣ የገዛ እናትህ። የሴቶች ሰርግ ልቀርጽ በሄድኩበት ሁሉ «ወደኔ አታዙሪው» እያለች ፊቷን በሻሽ የምትሸፍነው ኻሊዳ። ለመንኳት፣ አኮረፍኳት፣ በመጨረሻ «የሌላ ሰው ሴት ልጅ አምጥተሽ ቤቴ ውስጥ ከምታዞሪ እኔው ልሁን» አለች።

ታሪኩን ታውቀዋለህ። ሴትዮዋ ቀትር ላይ ብቻዋን ናት፤ ባሏ መንገድ ሄዷል። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው በሯን ያንኳኳሉ። በመስኮት ታያቸዋለች። ሽማግሌ ተሰብስቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሳይጠራ ለምን እንደሚመጣ ደግሞ ሕፃንም ያውቃል። እስካልከፈተች ድረስ ባሏ በሕይወት አለ። ስለዚህ አትከፍትም፤ ዕቃ ታጥባለች፣ የታጠፈ ልብስ ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች፣ እነሱም ማንኳኳታቸውን አይተዉም። ፊልሙ በቃ ይኸው ነው።

ለሽማግሌነት ሀጂ ሀምዱን አመጣሁ፤ ሌሎቹን ሁለቱን እሳቸው አመጡልኝ። የሰፈራችንን መርዶ ሁሉ የሚያረዱት እሳቸው መሆናቸውን አንተም ታውቃለህ። መጀመሪያ አንገራገሩ፤ ከዚያ «ስንቱን በእውነት አርድቼ የለም? አንድ ጊዜ በውሸት ባደርገው አላህ ይቅር ይለኛል» አሉ። የቀረጽነው ቅዳሜ፣ ጫቱ ከድሬ ገብቶ ወንዱ ሁሉ መቃሚያው ውስጥ ሲከተትና ጎዳናው ጭር ሲል ነው። ብርሃን የምንመልሰው በእማ አንሶላ፣ ካሜራውን የምንገፋው በውሃ ሻጩ ጋሪ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳትኩ። ለግቢው ሰው በሙሉ ነግሬያለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ላሉት አልነገርኩም። ሀጂ ሀምዱን በሰው በር ላይ ያየ ሰው ለምን መጡ ብሎ እንደማይጠይቅ ረሳሁት። ባለሱቋ ጀዋሪያ የአባን ስም እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች ስትሮጥ መጣች። ሻይ ሲጠጡ የነበሩ ሁለት ሾፌሮችም ተነስተው ቆሙ። ጀዋሪያን ይዤ ፊልም መሆኑን አስረዳኋት፤ ሳቀችም፣ ሰደበችኝም። ወደ ሾፌሮቹ ስዞር ግን ሄደዋል። ያን ጊዜ አልገደደኝም ነበር።

እማ ነገሩን ስትሠራው ማየት ነበረብህ። «በቃ፣ አለቀ» ካልኩ በኋላ እንኳ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ቆይታ በሩን ከፈተችና ሀጂ ሀምዱን «ምን ልትሉኝ ነበር የመጣችሁት?» አለቻቸው። እሳቸውም ደንገጥ ብለው ፊልም መሆኑን ነገሯት። ከዚያ ወዲህ «ባሌ መንገድ ላይ ሳለ ይህን መሥራት አልነበረብኝም» እያለች ትነዘንዘኛለች።

አባ ከዒድ በኋላ ረቡዕ ዕለት፣ የሚሸጠውን ጨርቅ አስጭኖ በሾፌሩ በመሳፍንት መኪና በጋላፊ በኩል ሄዷል። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ እሱ ቀድሞ ይደርሳል። እንደገባ ደውልልንና የእማን አፍ ዝጋልኝ።

እህትህ ተቅዋ


ድሬዳዋ
ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተቅዋ፣

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብዳቤሽና ካሴቶቹ ደርሰውኛል፤ ጀንበሬ እንደ እንቁላል ይዞ ነው ያመጣቸው።

በስልክ ለምን በደንብ እንዳላወራሁሽ ጠይቀሻል። የአባ ጨርቅ ሱቅ ስልክ እማ ጆሮ ሥር ስለሆነ ነው። ይህን ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን፣ ገበያ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ይዞ «አላህ ይርሐመው፣ አባትህ ደግ ሰው ነበር» አለኝ። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ከማን ሰማህ ስለው ከሾፌሮች አለኝ። የሾፌሮቹን ስም አያውቅም። ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቶቼ ምንጣፍ አንጥፈው ጠበቁኝ። አብረውኝ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጀንበሬ መጣ፤ ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት። ጀዋሪያና ሾፌሮቹ ጋ ስደርስ ነገሩ ገባኝና ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ «ፊልም ነው፣ የእህቴ ፊልም ነው» ስል ዋልኩ። አንዳንዱ አመነኝ፤ አንዳንዱ ኀዘኑ አእምሮውን ነክቶታል ብሎ አዘነልኝ።

ያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። አባ አልደረሰም። በጋላፊ በኩል ረቡዕ የወጣ ሰው ቢዘገይ ቢዘገይ እሑድ እዚህ ነበር። መሳፍንት የሚነዳው መኪና ባለቤት መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆሟል ይላል፤ የት እንደቆመ ስጠይቀው ሰው ጠራኝ ብሎ ይሄዳል። ጀንበሬ በመንገዱ ሁሉ እየጠየቀ ይመለሳል።

ለእማ አትንገሪያት። ካሴቱን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው። ከዚህ የበለጠ ለመጻፍ አሁን ልብ የለኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ኒዛር


ጅቡቲ
ዲሴምበር 6 ቀን 2004

ኒዛርዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አልነገርኳትም፤ የነገርኳት ይመስል ግን ሁሉን ታውቃለች። ትናንት ስትደውል «ሁሉ ደህና ነው» ያልከው በጣም ፈጥነህ ነው። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ እጇን ከላዩ ላይ ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

እኔ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ጠይቀሃል። ወሬውን እያሳደድኩ ነው። ሰው ለቅሶ ሊደርሰን ይመጣል። መጀመሪያ የሰፈሩ ሰው ነበር፤ ለእነሱ ፊልም መሆኑን ነግሬ መለስኳቸው። አሁን የሚመጡት ግን ከመንገድ ነው። አንዱ ጋላፊ ሰማሁ ይላል፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሻይ ቤት ውስጥ ሰማሁ ይላል። የራሳችን ወሬ አገር ዞሮ ወደኛ እየተመለሰ ነው ወይስ ሌላ ወሬ አለ? ሁለቱ በምን ይለያሉ? ይኸው ነው ሌት ተቀን የሚበላኝ።

ሀጂ ሀምዱን ይዤ የጭነት መኪናዎቹ የሚያድሩበት ፒኬ ዱዝ ሄድኩ። እሳቸውም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ሁሉም ከሌላ ሾፌር ነው የሰማው። በመጨረሻ አንድ ሶማሌ ሾፌር አገኘን፤ እሱ ሚሌ ላይ ነው የሰማው፣ ወደ ድሬዳዋ ነጋዴ ይዞ የሚሄድ መኪና ተገልብጦ ሰው ሞተ ሲሉ። መቼ ነው አልነው። «ሐሙስ» አለ። የቀረጽነው ቅዳሜ ነው አልኩት። «ፊልምሽን አላውቅም፣ እኔ ሐሙስ ነው የሰማሁት» አለ። ሀጂ ሀምዱ ክንዴን ያዙኝ፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

እማ በር መክፈት ትታለች። ማንም ቢያንኳኳ ከጓዳ አትወጣም። ውሃ ሻጩ ተጣርቶ ተጣርቶ ይሄዳል። ለገዛ ቤቴ ቁልፍ አሠርቼ ነው የምገባው። ዕቃ ስታጥብ አገኛታለሁ፤ ያው የታጠበውን። መጀመሪያ ቀን ፊልሙን እየተለማመደች መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ዞር ስትል ፊቷን አየሁትና ሳቄ ጠፋ።

ፈርቻለሁ። ያን ጋሪ እየገፋሁ «እማ፣ ትንሽ ፍሪ እንጂ» እያልኩ ስጮህባት የነበርኩት እኔ ነኝ። መጥፎም ቢሆን የሰማኸውን ጻፍልኝ። እንደ እማ ከእኔም አትደብቅ።

ተቅዋ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለተቅዋ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? አልሐምዱሊላህ፣ አባ ተገኝቷል። ያገኘው ጀንበሬ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ አምጥተነው ሆስፒታል ተኝቷል።

ትንሽ አሞታል እንጂ ደህና ነው። ምንም አትጨነቁ። እማ መምጣት ከቻለች ግን ብትመጣ ጥሩ ነው።

እንድታምኑኝ ኮፍያውንና ሰዓቱን በጀንበሬ ልኬያለሁ። እሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ አሳጥሬያለሁ፣ አትቀየሚኝ።

ኒዛር


ጅቡቲ
ዲሴምበር 18 ቀን 2004

ኒዛር፣

ሰላምታውን ዛሬ ተወው። ትንሽ አሞታል ብለህ ጻፍክልኝ? ለእኔ? የእማ ወንድም የሞተ ጊዜ እኛን ከጅቡቲ ድሬ ድረስ የወሰዱን ምን ብለው ነበር? ትንሽ አሞታል፣ ብትመጡ ጥሩ ነው። ደርሰን ድንኳኑን ከሩቅ ስናይ እማ ከመኪናው ልትዘል ስትል የያዝካት አንተ ነህ። ይህን ቃል ከእኔ የተሻለ የምታውቀው አንተ ነህ።

ጥቅሉ ለማን እንደደረሰ ጠይቀሃል። ለእማ ነው የደረሰው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጀንበሬ ሲያንኳኳ አልከፈተችለትም፤ እሱም የላክከውን በመስኮት አስገብቶ ሰጣት። እኔ ስደርስ ኮፍያው ጭኗ ላይ ነበር፣ ሰዓቱን በመዳፏ ጨብጣዋለች። የሞተ ሰው ዕቃ ነው ለቤተሰቡ ተጠቅልሎ የሚላክ፣ ኒዛር። ምን አስበህ ነው?

አላለቀሰችም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። አንዲት ጠብታ እንባ አላየሁም። ኮፍያውን አጥባ አሰጣችውና እራት ልሥራልሽ ወይ አለችኝ።

ጀንበሬን ሮጬ ደረስኩበት። በሕይወት አለ ብሎ ማለልኝ፣ በማርያም፣ በልጆቹ። እንዲህ ላለ ነገር በውሸት መማል እንደ ደግነት እንደሚቆጠር እሱም እኔም እናውቃለን። ደግሞም ሲምልልኝ ዓይኔን አላየም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ለምን ያለቅሳል?

እማ እንዳትሰማ የሱቁን ስልክ ትቼ፣ ከቴሌ ቤት ሆስፒታሉ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። ስሙን ስነግራት «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለችኝ። ልጁ ነኝ አልኩ። «ወንድምሽን ጠይቂ» ብላ ዘጋችው። አባን በስልክ አቅርብልን ስልህ ደግሞ አሁን ማውራት አይችልም ትላለህ።

ሀጂ ሀምዱን «እውነቱ ከታወቀ መጥተው በወጉ ይነግሯታል?» አልኳቸው። እሳቸው ግን «ወደዚያ በር ሁለተኛ አልሄድም» አሉኝ። ስለዚህ የሚነግራት እኔ ነኝ። ሞቷል ወይስ አልሞተም? አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ተቅዋ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

እህቴ ተቅዋ፣

ወላሂ፣ ቢላሂ፣ አባ አልሞተም። አልሞተም። ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚጻፍ ካወቅሽ ንገሪኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ በሕይወት ላለ ሰው የሚሆን ቃል ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። አሞታል ስል ሞቷል ይሆናል፣ ደህና ነው ስል ሞቷል ይሆናል፣ ዝም ስልም ያው ነው። ኮፍያውንስ ለምን እንደላክሁ እንጃ። የእሱን ሽታ ብታገኝ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አሁን ሳልደብቅ ልንገርሽ። መኪናው የተገለበጠው ከሚሌ አለፍ ብሎ፣ በወጡ በማግስቱ ነው። የአባ እግር ተሰብሯል፤ መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ጥርሱን በሽቦ አስረውታል። በስልክ ያላቀረብኩላችሁ ለዚህ ነው፤ መናገር አይችልም፣ ሾርባ በቱቦ ነው የሚጠጣው። መታወቂያው ከመኪናው ጋር ስለጠፋ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ ሳይኖር ነው የሰነበተው። መጻፍ አይችልም፤ ስሜ ይህ ነው የሚልበት አንደበት ደግሞ አልነበረውም። ጀንበሬ በየክሊኒኩ እየገባ ሲፈልግ አባ በዓይኑ ነው የጠራው።

የሶማሌው ሾፌር የሰማው እውነት ነው። ሰው ሞቷል፤ የሞተው መሳፍንት ነው። እዚያው ሚሌ ተቀበረ። ጀንበሬ ዓይንሽን ማየት ያቃተው ስለ ጓደኛው ነው እንጂ ስለ አባ አይደለም። ለምን በግልጽ አልነገረሽም ካልሽ፣ ነገሩ እንዳይሰማ ሁላችንም ስለማልን ነው። የመሳፍንት ሚስት እታለም እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ናት፤ ከአደጋው በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። አራስ ናትና አልተነገራትም። የሕፃኗ ክርስትና እስኪያልፍ ሚሌ ሐኪም ቤት ተኝቷል እየተባለች ነው። አንቺም ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ወሬ በዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሄድ አይተሻል።

ለእማ ማስረጃ እንዲሆን አባን በካሜራ ቀርጬዋለሁ። ካሴቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ እጁን ሲያነሳና ሲያወርድ ታያላችሁ። አሳዪያት።

ወንድምሽ ኒዛር


ጅቡቲ
ጃንዋሪ 5 ቀን 2005

ኒዛርዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት፤ አመንኩህም። ያመንኩህ ግን ካሴቱን እስካይ ድረስ ነው።

እማ ምን አለች ብለሃል። ካሜራዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ አሳየኋት። አባ ብቅ አለ፤ ነጭ ጨርቅ ከአገጩ ተነስቶ በጆሮው ላይ አልፎ አናቱ ላይ ታስሯል። ኒዛር፣ ስትቀርጸው ይህ አልታየህም? አገጭ እንዲህ የሚታሰረው የማን ነው? እማ ስንት ሴት አጥባ የገነዘች ናት። ጨርቁን እንዳየች እጇን አፏ ላይ አደረገች። እጁን ሲያነሳ አላየችም፣ ዓይኑን ሲያርገበግብ አላየችም። የምታየው ቋጠሮውን ነበር።

ሲያልቅ እንደገና ላሳይሽ አልኳት። «ሀጂ ሀምዱን ሞት ሳይኖር መርዶ አስመጣሻቸው» አለችኝ፤ «ወንድምሽ ደግሞ የሞተውን ቢያስነሳው ምን ይገርማል? ሙያችሁ ነው።» በቁጣ አይደለም የተናገረችው። እንደ ትንሽ ልጅ ራሴን ዳበሰችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

እውነቱን ልንገርህ? እኔም አላመንኩም። ካሜራ ምን ማድረግ እንደሚችል ስለማውቅ ነው መሰለኝ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እየመለስኩ አየሁት። ዓይኑን ሲያርገበግብ ቆጠርኩ። ድሮ የቀረጽከው ቢሆንስ፣ ቆርጠህ የቀጠልከው ቢሆንስ እያልኩ የብርሃኑን አቅጣጫ ሳይ ነበር። የገዛ አባቴን።

ይኸው አሁን ልትሄድ ነው። ማንም አልገፋፋትም። ዛሬ ጠዋት ተነስታ የባቡር ቲኬት ቁረጪልኝ አለች። ሻንጣዋን አይቼዋለሁ፤ ጥቁር ልብስ ነው የያዘችው፣ ሌላ ቀሚስ የለም። የዐረፋ ልብስሽንም ልክተትልሽ ወይ ስላት ሻንጣውን ዘጋችው። ነገ ትነሳለች። እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አብሬያት መሄድ ፈርቻለሁ።

ስለ ፊልሙ የጠየቅከኝን አሁን አልመልስልህም። የቀረጽኩትን ካላጠፋኸው አጥፋው፤ ወይም እንደፈለግክ። ብቻ እማ ከባቡር እንደወረደች የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ። በስልክ አይሁን። በስልክ ደህና ነው ብትለኝ አላምንህም።

ተቅዋ


ድሬዳዋ
ጥር 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ለተቅዋ፣

የላይኛው ጌታ ይመስገን፣ እማ በሰላም ገብታለች። እንዳልሽው ሁሉንም እጽፍልሻለሁ። ካሴትሽን አላጠፋሁትም።

ለገሃር ባቡር ጣቢያው ወርጄ ተቀበልኳት። ጥቁር ለብሳለች። አባ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት መሆኑን፣ የሞተው መሳፍንት መሆኑን በመንገድ ሁሉ ስነግራት ነበር፤ እሺ፣ እሺ ትለኛለች። ግቢው ውስጥ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሷ ግን የእነሱን መሰብሰብ ስታይ እርምጃዋ ከበዳት። ለሰላምታ እንደመጡ እንጂ ለለቅሶ እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ስከፍት ክፍሉ ውስጥ ገባች።

አባ ክራንቹን ተደግፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። አየችው። በደንብ አየችው፣ ተቅዋ፣ ዓይን ለዓይን። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ለደስታ የሚለቀስ ልቅሶ አይደለም። የሞተ ሰው ነው ያለቀሰችው። ስሙን እየጠራች፣ ጅቡቲ በመጣች ዓመት ዝናብ መንገዱን ሲሞላው ጫማዋን ተሸክሞ እንዴት እንዳሻገራት እያወራች፣ ዒድ በመጣ ቁጥር የሚያመጣላትን ጨርቅ በየቀለሙ እየጠራች። ሴቶቹ ሮጠው ገቡ። አንዷ «ኸረ በሕይወት አለ፣ ይኸው» ብትላትም አልሰማቻትም። በነዚያ ሳምንታት ሁሉ አፍና የያዘችው ነው ያን ቀን የወጣው። አባ መናገር አይችልም። እጁን አነሳ፣ አወረደ፣ መሬቱን በክራንቹ መታ፤ አላየችውም። በመጨረሻ ተወውና ጎንበስ ብሎ የራሱን ለቅሶ አዳመጠ።

ሲያልቅ ውሃ ጠየቀች። ጠጥታ ተነሳች፤ አጠገቡ ሄዳ የአገጩን ጨርቅ ነካችው። «ማነው እንዲህ ያሰረልህ? አጥብቆብሃል» አለችው። ፈትታ እንደገና አሰረችለት። ከዚያ በኋላ የሾርባውን ቱቦ ማንንም አላስነካችም።

እዚህ ላይ ብጨርስልሽ በወደድኩ። ትናንት ግን እታለም መጣች። ልጇን አቅፋ፣ ሰውነቷ ገና አልጠነከረም። ከባሏ ጋር የነበረው ነጋዴ እዚህ መሆኑን ከአንድ ሰው ሰምታ ነው። አባ አጠገብ ተቀመጠችና «አብረኸው ነበርክ አሉኝ። እኔን ትንሽ አሞታል ነው የሚሉኝ። አየኸው ወይ?» አለችው። አባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እኔ ለመናገር ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሚሌ ያሉት ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው የሚል ነገር። እማ ቀደመችኝ። «ሕፃኗን ተቀበላት» አለችኝ። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ። በዓይኔ ለመንኳት፤ አራስ መሆኗን፣ የባሏ ዘመዶች እንዳስማሉን፣ ሁሉንም በዓይኔ ነገርኳት። እማ እኔን አላየችም። ሕፃኗን ተቀበልኩ።

የእታለምን ሁለት እጆች ይዛ «ልጄ፣ ባልሽ ሞቷል» አለቻት። «የሞተው መኪናው የተገለበጠ ዕለት ነው። ባሌ አጠገቡ ነበር። ከእንግዲህ ማንም አሞታል ቢልሽ እንዳታምኚው።»

እታለም አልጮኸችም። «የት ቀበራችሁት?» አለች። አባ በታሰረው ጥርሱ መሐል «ሚሌ» አለ። ከተሰበረ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

ከዚያ እማ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። የመሳፍንት ወንድሞች ማምሻውን መጥተው ለአራስ መርዶ የምትነግር ምን ዓይነት ሴት ናት ብለው ከግቢው በር ላይ ሰደቡን። እማ ወጥታ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። ነገ ከእታለም ጋር ሚሌ መቃብሩ ድረስ እሄዳለሁ ትላለች፣ ጀንበሬም እወስዳችኋለሁ ብሏል።

እኔ ሁለቱ ሲያለቅሱ ሁሉ ሕፃኗን ይዤ ጥግ ቆሜ ነበር። ተኝታ ነበር፣ ምንም አልሰማችም። እንዳትነቃ ፈራሁ።

ኒዛር